የእትዬ ስታሜና የጉልበት ፊልሞች

የራጅ ክፍል ባለበት አገር ሁሉ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከሐኪሙ ቀድሞ የሰው ፊልም የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም። ሕክምና አልተማረም፤ ግን ማንም ሳያሳየው አያልፍም። በእኛ ከተማ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ስታሜና ናቸው፤ ሠላሳ አራት ግንቦት ጽጌረዳ ሲለቅሙ ኖረው ሁለቱንም ጉልበታቸውን እዚያው ማሳው ላይ ትተው የመጡ ሴት።

እኔ ራሊትሳ እባላለሁ፤ በክሊኒኩ ራጅ የማነሳው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእሳቸው የማመልጥበት መንገድ የለኝም።

ሌላው ሰው የልጅ ልጆቹን ፎቶ ይዞ ይዞራል፤ እትዬ ስታሜና የጉልበታቸውን። የአሥራ አንድ ዓመት ፊልም በአንድ ቡናማ ፖስታ ውስጥ አለ። ተራ ጠባቂውን ሁሉ መስኮቱ ሥር ይሰበስቡና በየዓመቱ እያስከተሉ ያሳያሉ።

«ክፍተቱን እዩልኝ! ያኔ እርሳስ ያሳልፍ ነበር፤ ዘንድሮ ፀጉር አያሳልፍም!»

ራጅ በአጥንቶቹ መሀል ያለውን ለስላሳ ትራስ አያሳይም፤ ትራሱ መሳሳቱ የሚታወቀው ክፍተቱ ሲጠብ ነው። ይህን እኔ ኮሌጅ ገብቼ ነው የተማርኩት። እሳቸው ለዳቦ ጋጋሪው በሁለት ደቂቃ ያስረዱታል።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ተጣላን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ለመፍጠን ብዬ «ይተኙልኝ» አልኳቸው።

«ለምን እተኛለሁ?»

«ጉልበትዎን ላነሳው ነው።»

«ተኝቼማ መች ያመኛል? የሚያመኝ ስቆም ነው። ቆሜ አንሺኝ!»

የተማርኩበት መጽሐፍም የሚለው እንደዚያው ነበር፤ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። አቁሜ አነሳኋቸው። ቀደም ሲል ተኝተው በተነሱት ፊልም ላይ ደህና የሚመስለው ክፍተት አሁን የለም፤ አጥንት አጥንት ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ወጥቶ «ቆመው ይነሱ ያለው ማነው?» ሲል እትዬ ስታሜና እጃቸውን አወጡ።

ክሊኒኩ ፊልም ትቶ ሲዲ መስጠት የጀመረ ጊዜማ አመፅ ሊነሳ ነበር። ሲዲውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላበጡት። «ምን ልይበት፤ የራሴን ፊት?» እስከ ዛሬ ለጠየቀ ሰው ፊልም እናትማለን፤ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ ሁሉም የእሳቸው ደቀ መዝሙር ነው።

ባለፈው መኸር ጋሽ ጊንቾ መጣ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከፀደይ ጀምሮ ቀኝ ጉልበቱን እያመመው ያነክሳል። አነሳሁት፤ ምንም የለበትም። ወጣቱ ዶክተር ካሜኖቭ የሚቀባ ነገር አዘዘለትና ሸኘው። ሰውዬው አግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

«እንግዲህ የታመመው ጭንቅላቴ ነዋ» አለ።

እትዬ ስታሜና ፊልሙን ተቀብለው አዩት። «የሙሽራ ጉልበት ነው» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው እግሩን ተመለከቱ። «አንተ ጊንቾ፣ ካልሲህን ማነው የሚያደርግልህ?»

ሰውዬው ቀላ። «ሚስቴ።»

ወረፋ ሳይጠብቁ የሐኪሙን በር ከፍተው ገቡ። «ዶክተሬ፣ ይሄ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ካልሲ ማድረግ አቅቶታል። ዳሌውን አንሱት።»

«እትዬ ስታሜና፣ የሚያመው እኮ ጉልበቱን ነው!»

«ለባሌም እንደዚያው ተብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉልበቱን ስቀባ ከረምኩ። ሕመሙ ከዳሌው መሆኑ ሲደረስበት መራመድ ትቶ ነበር።»

ባል እንደነበራቸው እንኳ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ዶክተሩ ጋሽ ጊንቾን አስተኝቶ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ሰውዬው ጮኸ። ዳሌውን አነሳሁት፤ ክፍተቱ ጠፍቶ የጭኑ አጥንት ራስ ከዳሌው ጉድጓድ ጋር ተጣብቆ ነበር። ዶክተር ካሜኖቭ ስክሪኑን ብዙ አየና ወጥቶ ጋሽ ጊንቾን ይቅርታ ጠየቀው። ቀጥሎ የእትዬ ስታሜናን እጅ ጨበጠ። ሰውዬው ትልቁ ከተማ ፕሎቭዲቭ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ዛሬ ካልሲውን ራሱ ያደርጋል። እሳቸው ግን ለአንድ ወር «ምርመራዬ» እያሉ መድረሻ አሳጡን።

ሰዎች «ይህቺን ሴትዮ ለምን አታስወጧትም?» ይሉኛል። መልሱን ለማንም አልነገርኩም።

መጋቢት ላይ የእኔም ግራ ጉልበት ማመም ጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት በሽተኛ ሳነሳና ሳስተኛ ኖሬያለሁ፤ ጉልበቴ ከሄደ ሥራዬም ይሄዳል። ባልደረባዬ አነሳችኝ። ፊልሙን ለሐኪሙ ሳላሳይ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት። እሑድ እትዬ ስታሜና ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ የወይን ሐረግ ሲገርዙ አገኘኋቸውና ፊልሙን ሰጠኋቸው።

ወደ ሰማይ ይዘው አዩት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አርባ ስምንት።»

«አጥንትሽ ጠርዙ ላይ እሾህ ማብቀል ጀምሯል። ክፍተቱም ጠቧል።»

«አውቃለሁ» አልኩና እንባዬ መጣ።

ፊልሙን ግንቡ ላይ ደፉት። «እስከ በሩ ሂጂና ተመለሺ።» ሄጄ ተመለስኩ። «አሁን ደረጃውን ውጪ።» ወጣሁ። «በጣም ያምሻል?»

«ትንሽ ነው።»

«አየሽ፣ ከፎቶሽ አንቺ ትሻያለሽ። ከእኔ የከፋ ፊልም ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው አውቃለሁ። ጭንሽን ማጠንከር ነው ያለብሽ። ነይ ላሳይሽ።»

ወንበር አወጡና ጎን ለጎን ተቀምጠን እግራችንን እየዘረጋን እያጠፍን ስንቆጥር ቆየን፤ ጎረቤቱ አጥር ላይ ሆኖ ሳቀብን።

«ለዶክተሩ ደግሞ ነገ አብረን እንነግረዋለን» አሉኝ ሲሸኙኝ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ለብቻዬ እገባለሁ ልላቸው አስቤ ነበር የመጣሁት። ክንዴን ሰጠኋቸውና አብረን ገባን።