ሚኒሞ አልይዝ ያለችው ጀልባ

ዝም የሚል ሰው ያለ ሥራው ይከበራል። ስብሰባ ላይ አገጩን በዱላው አስደግፎ ከተቀመጠና ምንም ካልተናገረ «እሱ ያውቃል» ይባልለታል። ምን እንደሚያውቅ የሚጠይቀው የለም። እኔም በዚህ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ አዋቂ ሆኜ ኖሬያለሁ። ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ድንች አምራች ነኝ፤ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ግን ስለማልናገር የነቃብኝ አልነበረም። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተሰብሮ ልጄ አንዱዓለም «ምን ሆኖ ነው አባ?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዕቃ ነው።»

እሱ እኔን አልወጣም። አፉ አያርፍም። ጎረቤታችን አያ ፈንታ «ይኸን ልጅ ከየት አመጣኸው? ሬዲዮ ነው እንዴ የወለድከው?» ይለኛል። ለዚህም አልመልስለትም።

እንግዲህ ይኸ ልጅ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ጥርባ ሐይቅ ላይ እንግዳ የምታንሸራሽር ጀልባ አመጣ። መቅዘፊያ ያላት እንዳትመስላችሁ። ከሆዷ ውሃ ስባ በጭራዋ እየተፋች የምትሮጥ ናት። እኔ የማውቀው ሞተር የመስኖ ውሃ መሳቢያውን ነው። የእኔው ውሃ ሲተፋ ድንች ይጠጣል፤ የእሷ ትፋት ማንን እንደሚያጠጣ እንጃ።

የአንዱዓለም ድርሻ የእኔ ፈረስ ነበር፤ ዳማው። የተሸጠ ዕለት ኮርቻውን አወረድኩ፣ ልብሱን ገፈፍኩ፣ ልጓሙን ለገዢው አስያዝኩ። «ከፋህ አባ?» አለኝ። ከፋኝ አላልኩም፤ አልከፋኝምም አላልኩም። ቤት ገብቼ የፈረሱን ልብስ አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

ጀልባዋ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ጉድ ስትሮጥ ከረመች። ከዚያ የፈተናው ቀን ደረሰ። ከወረዳ የሚመጡ ሰዎች ውሃ ላይ አይተዋት ሐይቁን ወይ ለእነ አንዱዓለም፣ ወይ ከሌላ ቦታ ለመጣ ማኅበር ሊሰጡ ነው።

በዋዜማው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኛ አገር ሰማይ እንዲህ ከጠራ ንጋቱ ውርጭ ነው። ሲሮጥ የዋለ ፈረስ ደግሞ ሳይለብስ አያድርም። ሞተሯ ገና ትኩስ ናት። እኔ ምን ላድርግ? የዳማውን ልብስ፣ ያን ቀዩን፣ ዳር ዳሩ የሱፍ ዘርፍ የተንጠለጠለበትን አምጥቼ አለበስኳት። ከሞተሯ ሥር አንድ አፍ ክፍት ነው፤ ክዳኑ ጀልባዋ ተጭና ስትመጣ ተሰብሮ ቀርቷል። ብርድ እንዳይገባባት የልብሱን ጫፍ እዚያ ጠቅጠቅ አድርጌ ወተፍኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ደግ ሥራ ይወራል እንዴ?

ጠዋት አንዱዓለም አያትና ሳቀ። «አባ ጀልባዋን ለጉግስ አዘጋጅቷታል!» ብሎ ለጓደኞቹ ተጣራ። ደስ እንዳለው ያስታውቃል። ልብሱን መንጭቆ አወለቀው፤ ዳሩ ተቀዶ እዚያው መቅረቱን ግን እሱም አላየ፣ እኔም አላየሁ።

እንግዶቹ ደረሱ። ሞተሯ ተነሳች። ነዳጅ ሲሰጧት ጥቁር ጭስ እያስነጠሰች ትጮኻለች፤ ሲተዋት ቀጥ። ሞተር ሳይነኩት በራሱ ቀስ ብሎ መዞሩን መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል። የኛዋ ሚኒሞ አልይዝ አለች። ከዚያ ጭራሽ መነሳቱንም ተወችው። ባትሪ ቀየሩላት። እሳት የሚጭርላትን ካንዴላዋን ቢፈቱት ረጥቦ ወጣ። አያ ፈንታ «ሐይቁ ገብቶባታል» ብሎ ፈረደ። ከዳንግላ የመጣው የባጃጅ መካኒክ አሸተተውና «ሐይቅ ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም፣ አባባ» አለው። አንዱ ልጅ ደግሞ ሆዷን ሣር ይዞት ይሆናል ብሎ በዚያ ውርጭ ልብሱን አውልቆ ጠለቀ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ባዶ እጁን ወጣ።

በመጨረሻ መካኒኩ ጭንቅላቱን እያከከ «ነዳጅ በዝቶባታል፤ አየር ነው ያጠራት» አለ። አየር በየት በኩል እንደምትስብ ግን አያውቅም፤ የሚያውቀው የባጃጅን ነው። ከላይ ከላይ ይፈልጋል።

እኔ አወቅሁ። እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚያውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። «ከሥር እየው» ማለት ስንት ቃል ነው? ግን ያን ልጅ፣ የነካኸው ሁሉ ይሰበራል እያልኩ ያሳደግሁትን ልጅ፣ በሰው ፊት ጀልባህን የሰበርኩት እኔ ነኝ ልበለው?

የእንግዶቹ አለቃ ሰዓቱን አየና ወደ እኔ ዞረ። «አባት፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ምን ይላሉ?» አለኝ። ሁሉም አፍ አፌን አየኝ። አንዱዓለምም።

«ዕቃ ነው» አልኩ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ? አባታችሁ በሁለት ቃል ጨረሱት። ዕቃ ነው፤ ነገ እንግዳ ጭኖ መሀል ሐይቅ ላይ ይቆማል» አለና ደብተሩን አጠፈ። ሐይቁም ለሌላው ማኅበር ሆነ። አያ ፈንታ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «ምንጊዜም እውነቱን ነው የምትናገረው» አለኝ።

መኪናው ከሄደ በኋላ አንዱዓለም በደረቱ ተኝቶ እጁን ከሞተሯ ሥር ሰደደ። ሲያወጣው በጣቶቹ መሀል ቀይ የሱፍ ዘርፍ ተንጠልጥሏል፤ ከእራፊው ጋር፣ ቤንዚን የጠጣ። ዘርፉን አየ። እኔን አየኝ። መካኒኩ «ምን አገኘህ?» ሲለው «ቆሻሻ» ብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሞተሯን አስነሳት። ማንም ሳይነካት ዝግ ብላ፣ ደስ ብሏት፣ እንደ ጠገበ ፈረስ ቆማ ትዞር ጀመር።

ቤት ድረስ አብረን ተጓዝን። ሬዲዮው አልተነፈሰም። እናቱ ከበር ላይ ሆና «ምን ሆና ነው ጀልባዋ?» አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን እራቱ ቀዝቅዞ እስኪረጋ ድረስ ያወራላት ነበር።

«ዕቃ ነው» አላት።

ሳቋን መያዝ አቃታት። ወደ እኔ ዞራ «ደስ ይበልህ፤ ይኸው አንተን ወጣ!» አለችኝ።