ስድስተኛው መስኮትና ወይዘሮ ሚሉንካ

በየአውቶቡሱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመድ ቤቱ አንዲት በር ዘጊ አለች። መንግሥት ቢገለበጥ እንኳ እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያንን መስኮት ማነው የከፈተው?» እኛ ሰርቦች በሽታን ሁሉ በሁለት እንከፍላለን፦ በበርና በመስኮት መካከል የሚያልፍ ሽውታ ያመጣውና ሽውታ ገና ያላመጣው። በከተማችን የዚህ ሃይማኖት ሊቀ ካህን፣ የሽውታ ባላንጣ፣ የአንገት ልብስ እመቤት ክብርት ወይዘሮ ሚሉንካ ናቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት መጋረጃ የሸጡት አሮጌው ባለ አራት ፎቅ መደብር ውስጥ ነው። መደብሩ ሲሠራ አንድም መስኮት አልወጣለትም፤ ከተማው «ሳጥኑ» ይለው ነበር። መስኮት በሌለው ቤት መጋረጃ መሸጥ ለሌላው ቀልድ ነው፤ ለእሳቸው ገነት ነበር። «በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቀን አልሳልኩም» ይላሉ፣ እያሳሉ።

መደብሩ ተዘግቶ አሥር ዓመት አቧራ ከጠጣ በኋላ የፈጠራ ማዕከል ልናደርገው ተነሳን። ሆዱን ከላይ እስከ ታች ቀደድነው፤ ጣሪያውን መስተዋት አለበስነው፤ ፀሐይም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ምድር ቤት ወረደች። ሕንፃውን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል ብዬ እሳቸውን እንግዳ ተቀባይ አድርጌ የቀጠርኩት እኔ ነኝ። ኃጢአቴን አልክድም።

በመጀመሪያው ቀን የመጋረጃ መቀሳቸውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡና ቀና ብለው ስድስቱን የጣሪያ መስኮቶች አዩ።

«ልጄ ራስትኮ፣ እነዚያ ይከፈታሉ?»

«ጭስ ሲያገኛቸው በራሳቸው ይከፈታሉ፣ እትዬ ሚሉንካ።»

«በራሳቸው!» አማተቡ። «ሰው ቢከፍታቸው እንኳ እሰድበው ነበር!»

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላየንም። የከንቲባው ምክትል በሩን በእጃቸው ይዘው ንግግር ሲጀምሩ «ወይ ይግቡ፣ ወይ ይውጡ!» አሏቸው። ፀጉሩን ሳያደርቅ የመጣ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጭንቅላቱን በአሮጌ መጋረጃ ጠቀለሉለት፤ ስብሰባውን እንደ ሙሽራ ተከናንቦ ጨረሰ። እኔማ አንድ ጊዜ የኩላሊት ጠጠር እሳቸው ፊት ሲሚንቶ ላይ ስለዘረረኝ ኩላሊቴ የሕዝብ ንብረት ሆኖ ቀረ። «አንተ በተለይ! ሽውታ ኩላሊት ይመታል፣ ወገብህን ሸፍን!» ምሳ ላይ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ ሰው አስቅ ነበር።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የእሳት አደጋ መርማሪው ኢንጂነር ግቮዝደን መጡ፤ ፊታቸው እንደ ተዘጋ ቢሮ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ የሙከራ ጭስ ሲለቀቅ ስድስቱም መስኮቶች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልተከፈቱ ፈቃድ የለም፤ ቀጣዩ ተራ በበልግ ነው። ተከራዮቻችን ኮምፒውተራቸውን በካርቶን ታቅፈው ደጅ ቆመዋል። እስከ በልግ እንደማይጠብቁ፣ ወደ ቤልግሬድ እንደሚሄዱ ነግረውኛል። እነሱ ከሄዱ ሳጥኑ ተመልሶ ሳጥን ነው።

ጭሱ ተለቀቀ። አንደኛው ተከፈተ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ።

«ሠላሳ ሰከንድ» አሉ ኢንጂነሩ።

ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩ። አንጋጥጬ ሳይ በእጀታው ላይ የተጠመጠመ ወርቃማ የመጋረጃ ገመድ! ያ ገመድ በከተማችን ሳሎን ሁሉ ተንጠልጥሏል፤ ተበጠሰ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ወደ መግቢያው ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። መቀሱም የለም።

የሰባ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ሚሉንካ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ አራተኛ ፎቅ ደርሰዋል። በአምስቱ መስኮቶች የሚገባው ነፋስ ያፏጫል። የአንገት ልብሳቸው መደገፊያው ብረት ላይ ተያዘ፤ መንጭቀው ጣሉት። አንገታቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሃምሳ አምስት።»

ቀጭ! ስድስተኛው ብርግድ አለ።

ኢንጂነሩ ሰዓታቸውን፣ ገመዱን፣ እኔን አዩ። «ይህ አይቆጠርም። ጭሱን እንደገና!» እንደገና ለቀቅን። በሃያ ሰከንድ ስድስቱም ተከፈቱ። ፈረሙ። ሲወጡም በሩን ከኋላቸው በቀስታ ገጠም አደረጉት። «ሽውታ አለ» አሉ።

እኔ ግን እየነደድኩ ወደ ላይ ሮጥኩ። «እትዬ ሚሉንካ፣ ሊያጠፉን ነበር እኮ! ስድስቱንም ሊያስሩ ነበር?»

«ስድስቱን ምን ቆርጦኝ!» አሉ ባዶ አንገታቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ። «አንዱን ብቻ ነው።»

«ለምን ይሄንን?»

በመቀሱ ወደ ታች አመለከቱኝ። ከስድስተኛው መስኮት ሥር ትክክል የእኔ ጠረጴዛ ነበር፤ የአንገት ልብሳቸውም ወንበሬ ላይ ወድቋል።

«የሌሎቹ ኩላሊት ደህና ነው» አሉ።

ሁልጊዜ ሲያስጠነቅቁን እንደኖሩት በሽውታው አንገታቸው ደርቆ ሳምንት ተኙ። የአንገት ልብሳቸውንና የዶሮ ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ክፍላቸው ስገባ መስኮቱ ገርበብ ብሏል፣ በሩም ከኋላዬ ክፍት ነው። ሰላም ከማለቴ በፊት ሁለቱንም ጠረቀምኳቸው።

«ያንን መስኮት ማነው የከፈተው?» አልኩ፣ በራሴ ድምፅ።

አንገታቸውን ማዞር ስላልቻሉ በዓይናቸው ብቻ ሳቁ።