ስቴኪኒ የተመረኮዙ ልጆቼ

በአገራችን አንድ ትልቅ ሰው ምን ቢሰበስብ እንደሚያስከብረው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መሬት ቢሰበስብ ባለሀብት ይባላል። ከብት ቢሰበስብ ጌታ ይባላል። የድሮ ሳንቲም የሰበሰበ ምሁር ነው፤ የሰው ምስጢር የሰበሰበ ደግሞ ይፈራል። ቂም የሰበሰበ እንኳ «ነገር የማይረሳ ወንድ» የሚለው አያጣም። ጢም ያበቀለ፣ ግብር የሚከፍል፣ ዕድር ውስጥ ስሙ ያለ ሰው አሻንጉሊት ቢሰበስብ ግን ምን ይባላል? ልንገራችሁ፤ ምንም አይባልም። ዝም ብሎ ይታያል። እንደዚያ ከመታየት ደግሞ መሰደብ በስንት ጣዕሙ!

እኔ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እንግዳ ሲኖር እንግዳ እቀበላለሁ፤ እንግዳ ሲጠፋ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ነገሩ የጀመረውም እንግዳ በጠፋበትና ጠረጴዛው ከልክ በላይ በጸዳበት ሰሞን ነው። የመጨረሻዎቹ ፈረንጆች ልጅ አልጋ ሥር ጥሎት የሄደውን አንድ የፕላስቲክ ሰው የጽዳት ሠራተኛዋ አምጥታ ፊቴ አቆመችው። እነዚህን ሰዎች ታውቋቸው ይሆናል። ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ጭንቅላታቸው ይነቀላል፤ ፀጉራቸው እንደ ባርኔጣ ይወልቃል፤ እጃቸው አንዴ የጨበጠውን አይለቅም። ባለቤቱ ይጠይቅ ይሆናል ብዬ ባስቀምጠው ጠያቂ ጠፋ። እኔና እሱ ፊት ለፊት ተፋጠን ከረምን። አንድ ቀን ከምግብ ቤቱ ስቴኪኒ አንሥቼ እጁ ላይ ብሰካለት ልክክ አለ! ስቴኪኒው መቋሚያ ሆነ፤ ሰውየውም ማኅሌት የቆመ ደብተራ ሆኖ ቁጭ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘኝ?

አስጎብኚ ጓደኞቼ ለሚመላለሱ እንግዶቻቸው ስለ እኔ እየነገሩ ከውጭ ያስመጡልኝ ጀመር። ሌላው ሰው ከውጭ ሽቶና ስልክ ያስልካል፤ እኔ ጭንቅላትና እግር አስልካለሁ። ምኞቴ አንድ ነበር፤ በገና ዕለት ቤተ ማርያም ግቢ፣ ግማሾቹ ከቋጥኙ አፋፍ ላይ ግማሾቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የሚሉትን ካህናት በሙሉ በጫማ ካርቶን ውስጥ ማቆም። ከበሮውን ከመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን፣ ጸናጽሉን ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ጢሙን ከበግ ጠጉር ሠራሁ። አገልጋዮቼ እንከን አላጣቸውም። እግራቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን አይልም፤ ስለዚህ ስግደት ይችላሉ፣ ሽብሸባ ግን አይሆንላቸውም። ሁሉም ፈገግ ብለው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት፤ ስቅለት ቢሆን፣ ፍልሰታ ቢሆን ግድ የላቸውም። ደግሞም የወፍ በሽታ እንደ ያዘው ሰው ፊታቸው ቢጫ ነው።

ቢጫውን ጠይም ለማድረግ የጥፍር ቀለሟን የሠዋችልኝ ወለላ ናት። ወለላ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ የገነተ ማርያሙ የቄስ ሞገስ ልጅ ናት። ካርቶኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍትላት እንደ ሌላው ዝም ብላ አላየችኝም። አንዱን አንሥታ፣ ይኼኛው ጥምጥሙ ወደ ግራ አዘምሟል ብላ አቀናችለት። ላገባት የቆረጥኩት ያኔ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ተገኝታ ምን ይጠበቃል? ቀለሟ ግን መሀል ላይ አለቀና ግማሾቹ ቢጫ እንደሆኑ ቀሩ።

ጣጣው የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። እነዚህን ሰዎች በፍቅር «ልጆቼ» እላቸዋለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ልብስ ሰፊው አያ ይመር ዘንድ ሄጄ የነጠላ ቁራጭ ስለምን፣ ለምንህ ነው ቢሉኝ፣ ለልጆቼ ጥምጥም ልሠራላቸው ነው አልኩ። አያ ይመር የስፌት መኪናቸውን ጎማ በእጃቸው ያዝ አድርገው አቆሙት። ፍረዱ እንግዲህ! ላጤ ነው ብለው የሚያውቁት ሰው ልጆች አሉት፤ ልጆቹም ጥምጥም የሚጠመጥሙ ቀሳውስት ናቸው! ያን ቀን ቁራጩን ያለ ዋጋ ሰጡኝ። ካህናት የወለደ ሰው እንዴት ይከፍላል? ቅዳሜ ገበያ ላይ ወሬው ቤቱን ሠራ። ደግነቱ ሰሚው ሁሉ አላምን እያለ ሲቀናንሰው፣ ገነተ ማርያም ሲደርስ አንድ ልጅ ብቻ ቀረኝ።

እኔ ይህን መች ሰምቼ! የእናቴን ወንድም አያ ካሳውን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቄስ ሞገስ ዘንድ ላክኋቸው። ቄስ ሞገስ ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም። መውለድ ያለ ነው፣ ልጁን የደበቀ ሰው ግን ነገ የኔንም ልጅ ይደብቃታል ብለው ከደጅ መለሷቸው። አያ ካሳው አንገታቸውን ደፍተው መጡና፣ አንተ ልጅ፣ ሳንሰማ መቼ ወለድክ? አሉኝ። ካርቶኑን አምጥቼ ፊታቸው ከፈትኩት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው አዩ። አያ ካሳው አንዱን ብድግ ቢያደርጉት ጭንቅላቱ እጃቸው ላይ ቀረ። ክው አሉ። እንደ ምንም መልሰው ሰኩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህን ጉድ ሌላ ሰው አይቶታል? ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ እኔን እዚያው አስቀምጠው ደጅ ወጥተው ተመካከሩ። ፍርዳቸው ይኼ ነበር፦ ልጅ አለው ቢባል ወንድ ነው፣ ተሳስቶ ነው ይባላል። በዚህ ዕድሜው አሻንጉሊት ይዞ ይቀመጣል ቢባል ግን ዘር ማንዘር ይሰደባል። ስለዚህ ልጅ አለው! ኧረ የለኝም ብዬ ብጮህ፣ ሙሽራ አፍ የለውም፣ ዝም በል ተባልኩ። እንዲህ ሆኖ የአንድ ልጅ አባት ሆንኩ።

የሁለተኛውን ጉዞ ወሬ በኋላ የነገሩኝ ራሳቸው አያ ካሳው ናቸው። ልጁማ አለ፣ ልጃችን አምኗል ሲሉ የቄስ ሞገስ ፊት በራ። ካመነማ ሰው ነው ብለው አስቀመጧቸው፣ ጠላም ቀረበ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? የወለላ እናት እትዬ አበቡ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ ለመሆኑ ልጁ ምን ይመስላል? አሉ። አያ ካሳው ደግሞ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው። አንዴ የተማከሩበትን ውሸት ተናግረዋልና ሌላ ላለመጨመር፣ ከዚህ በኋላ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው ብለው ቆረጡ። ስለዚህም ልጁ ቁመቱ አጠር ያለ ነው አሉ። ነገር የማያበዛ፣ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ነው አሉ። ፊቱ ትንሽ ቢጫ ይላል አሉ። እናቱስ? ቢባሉ፣ እናት እንኳን የለችውም አሉ። ምግብስ ይበላል? ቢባሉ፣ ሲበላ አላየሁም አሉ።

እትዬ አበቡ እዚያው ማልቀስ ጀመሩ። ቄስ ሞገስም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ በሉ የፊታችን እሑድ ልጁን ይዞት ይምጣ፤ ያለ ልጁ ግን ደጄን እንዳይረግጥ ብለው ሸኟቸው።

ወለላ ይህን በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ሆነች። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። እናቷ እናት ለሌለው ለዚያ በሽተኛ ልጅ ጠበል በጀሪካን አስመጥተዋል። ትንሽዬ ጋቢም እያሠሩለት ነው። አንቺ ንገሪያቸው እንጂ ብዬ ለመንኳት። እኔ አንተን መች አውቅሃለሁ? አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሽማግሌ የተላከባት የቄስ ልጅ፣ ጠያቂዋን በመልክም አታውቀውም። እየተዋደዱ አለመተዋወቅ ደግሞ የሚቻለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። የዚያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብናገር ተራ ቀላጅ ነው ተብዬ ወለላን አጣታለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ለእሑድ ልጅ ከየት አመጣለሁ? ከሁሉም የከበደኝ የእትዬ አበቡ እንባ ነበር። አንዲት ደግ ሴት ለአንድ እፍኝ ፕላስቲክ ስታለቅስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እሑድ ከአያ ካሳው ጋር ገነተ ማርያም ወረድን። መንገዱ አቧራማ ነውና ልጆቼ እንዳይቆሽሹ ብዬ የጫማ ካርቶኑን በነጭ ነጠላ ጥቅልል አድርጌ ታቅፌዋለሁ። አቤት የኔ ነገር! እትዬ አበቡ ከአጥሩ በር ቆመው ይጠብቁን ነበር። መጀመሪያ ከኋላዬ ልጅ ፈለጉ። ልጅ የለም። ቀጥለው እጄን አዩ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ሣጥን ታቅፌያለሁ። እትዬ አበቡ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው፣ «ወይኔ ልጄን! ሳላይህ!» ብለው ጩኸታቸውን ለቀቁት።

ጎረቤት ወጣ። አንዲት ሴትዮ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። እኔ ሣጥኑን እንደታቀፍኩ፣ አልሞተም! ኧረ አልሞተም! እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። በመጨረሻ ባለ በሌለ ድምፄ፣ «አልሞተም! መጀመሪያውኑ አልተወለደም!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ነጠላዋን መልሳ አቀናች።

ቄስ ሞገስ ከቤት ወጥተው፣ ግባና አስረዳኝ ብቻ አሉኝ። ገብቼ ካርቶኑን መሶብ ክዳን ላይ ከፈትኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ሆቴሉን፣ ስቴኪኒውን፣ አያ ይመርን፣ የሽማግሌዎቹን ምክር። ልጅ እንደሌለኝ፣ በሽተኛም እንደሌለ፣ ወለላን መውደዴ ግን እውነት እንደሆነ ነገርኳቸው። ወለላ ከጓዳው መጋረጃ ሥር እግሯ ይታየኛል። ቄስ ሞገስ መነጽራቸውን አጥልቀው አንድ በአንድ ያወጧቸው ጀመር። ከበሮውን ጠጋ አድርገው አዩ። መቋሚያውን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ በሁለት ወገን ደርድረው አቆሟቸው፤ የላዮቹን ከካርቶኑ ላይ፣ የታቾቹን ከሥር። አንዱን በጣታቸው እያሳዩ፣ ይኼ ምን ያስቀዋል? አሉኝ። አባ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ እንዲሁ ናቸው አልኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ እንዲህ ፈገግ የሚል አገልጋይ ለኛም በላከልን አሉ። ደግሞ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ሳገለግል አንድ ሰው ሳይቀር ሁሉም የቆመበት ማኅሌት ዛሬ ገና አየሁ አሉ።

ተንፈስ ልል ስል መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄን ልጅ ላለው ሰው ልሰጥ ቆርጬ ነበር» አሉ። «ልጅ ለሆነው ግን ገና ማሰብ አለብኝ።»

አንገቴን ደፋሁ።  ያን ጊዜ ዓይናቸውን ሲጠርጉ የነበሩት እትዬ አበቡ ተነሡ። ትንሿን ጋቢ ከሣጥን አውጥተው ባላቸው ጭን ላይ ጣል አደረጉና፣ «እርስዎ ያስቡ፤ ይኼ ግን ተሠርቶ አልቋል። ሳይለበስ በብል አላስበላውም» አሉ። ቄስ ሞገስ ጋቢዋን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ። ማሰባቸው እዚያው አለቀ። ይሁን እንጂ ውሸት ሳይቀጣ አይታለፍምና አያ ካሳውን፣ በሽማግሌ አፍ በመዋሸትዎ ብለው ወገብ የሚያጎብጥ ስግደት ጫኑባቸው። አያ ካሳው እያቃሰቱ ሰገዱ፤ እኛም ተጋባን።

ባለፈው ሰሞን ወለላ ወንድ ልጅ ወለደች። ሊጠይቁን ሁለቱም ወገኖች መጡ። ልጁ በጋቢዋ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። የጤና ጣቢያ ጓደኞቿ ፊቱ ትንሽ ቢጫ ይላል፣ የጠዋት ፀሐይ ስታሞቁት ይተወዋል ብለውናል። አያ ካሳው ተጠግተው ጎንበስ አሉ። ቁመቱን ለኩ። ነገር እንደማያበዛ አረጋገጡ። ልጁም በእንቅልፍ ልቡ ፈገግ አለላቸው። አያ ካሳው ቀና ብለው ወገባቸውን እየደገፉ ወደ ቄስ ሞገስ ዞሩ።

«አባ» አሉ፣ «ስግደቴን ይመልሱልኝ። ቸኮልኩ እንጂ መች ዋሸሁ?»