ይግባኝ የሌለው መተርተሪያ

ስፌት ባለበት አገር ሁሉ፣ የሰው ድካም ሲፈርስ ዓይኑን የማያሽ አንድ ዳኛ አይጠፋም። ያማረውን አያመሰግንም፤ የጠመመውን አይምርም። በዓረብ አገር፣ ዋዲ ከቢር በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የሆቴል ሠራተኞችን የደንብ ልብስ በሚያዘጋጀው ስፌት ቤት ይህን ወንበር የያዙት ክብርት ወይዘሮ ከበቡሽ ነበሩ።

ሌላ ሴት ሐብል በምታጠልቅበት አንገት እሳቸው በጥቁር ክር የታሰረ የስፌት መፍቻ መተርተሪያ ያንጠለጥላሉ። ልብስ ሲቀርብላቸው ፊቱን አያዩም። ገልብጠው የውስጡን ስፌት በአውራ ጣታቸው ይዳብሱና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ «ይተርተር!» ይግባኝ የለም።

በአንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ ቀሚስ ጠርዝ ጠሞ ስላዩ፣ ተንበርክከው አስተካክለው እስኪነሡ ድረስ ሠርገኛው ሁሉ ምግቡን እያየ ቆሞ ጠብቋል ይባላል። ሙሽራው ጨንቆት «ኻላስ፣ ይበቃል እትዬ!» ቢላቸው፣ «ለአንተ ኻላስ ነው፤ ፎቶው ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል» አሉት።

ሙፊዳ በእኚህ ዳኛ ሥር አራት ዓመት ተቀምጣለች። ከከሚሴ መጥታ መጀመሪያ በሰው ቤት ሠራች፤ ከዚያ መርፌ ያዘች። አሁን የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ኢስታንቡል ሄዳ የፋሽንና የማኔጅመንት ትምህርት መማር። ትምህርት ቤቱ፣ በገዛ እጇ የሰፋችውን ኮት ይዛ ሐሙስ ከቀትር በኋላ በቪዲዮ ስልክ መምህራን ፊት እንድትቀርብ አዟል። ትምህርቱ በነፃ ቢሆንም የዕድሜ ገደብ አለው፤ ይህ ቀን ካለፋት በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ከገደቡ ያልፋል።

ኮቱን በሦስት ዓርብ ዕረፍቷ ሠርታ ጨረሰችው። ረቡዕ ጠዋት፣ ምርቃት ለመቀበል ያህል፣ ለወይዘሮ ከበቡሽ አቀረበችው። እሳቸውም ገለበጡት፤ ዳበሱት።

«ግራ እጅጌው ይተርተር።»

«እትዬ፣ ቀጠሮዬ ነገ እኮ ነው!»

«ነገ መሆኑን ክሩ አያውቅም።»

በአጠገቧ ባለው ማሽን የምትሠራው ሩት፣ ሴትዮዋ ራቅ እስኪሉ ጠብቃ ሳቀች። «አንቺ ከሄድሽ ማንን ሊያስተረትሩ ነው? ምቀኝነት ነው እባክሽ! ደግሞ በስልክ ማን ገልብጦ ያያል? ፊቱን አሳይተሽ፣ ያላ፣ ሂጂ!»

ምክሩ ለሙፊዳ ጣፈጣት። ኮቱን በፌስታል ጠቅልላ ከማሽኗ ሥር ልትሸጉጠው ጎንበስ አለች። ነገር ግን አውራ ጣቷ ከዳት። ሳታዘው ወደ እጅጌው ውስጥ ገብቶ ያቺን የጠመመች ስፌት አገኛት፤ በጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር ቆረቆረቻት። አራት ዓመት የተገራ ጣት ጌታውን አይሰማም። ሙፊዳ በልቧ እየተራገመች መተርተሪያዋን አነሣች።

እጅጌውን ፈትታ ዳግም ለመስፋት ግማሽ ቀን ፈጀባት። በዚያ ቀን መድረስ የነበረባቸው አርባ የአስተናጋጅ ሸሚዞች ትዝ ሲሏት ደንግጣ ቀና አለች። ክምሩ ከአጠገቧ የለም። ወይዘሮ ከበቡሽ ወደ ራሳቸው ጠረጴዛ ወስደው አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ።

«ምን ታያለሽ? ሥራሽን ሥሪ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሐሙስ ዕለት ስልኩን የያዘችላት ሩት ነበረች። ከመምህራኑ አንዷ የኮቱን ኮሌታ አደነቀች፤ ከዚያም ረጋ ብላ፣ «እስቲ የግራ እጅጌውን ገልብጪልኝ» አለቻት። ሩት በነፃ እጇ አፏን ያዘች። ሙፊዳ ገለበጠችው። መምህርቷ ወደ ስልኩ ተጠግታ አየችና ጻፈች።

ሌላው መምህር ቀጠለ። «ሠራተኞች ብትመሪና አንዷ ሥራ ብታበላሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ፈትታ እንደገና እንድትሠራው አደርጋለሁ።»

«ጊዜ ባይኖራትስ?»

«የቀረውን ሥራዋን ወደ ራሴ ጠረጴዛ እወስዳለሁ» አለች ሙፊዳ።

የመግቢያ ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ደረሰ።

በመሰናበቻዋ ዕለት ወይዘሮ ከበቡሽ ከደንብ ልብስ ቁራጭ ጨርቅ የሠሩትን የትከሻ ቦርሳ አስጨበጧት። ሙፊዳ፣ ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና፣ አመስግና ሳትጨርስ ገለበጠችው። በውስጠኛው ኪስ ላይ ያለው ስፌት እንደ ሰካራም አረማመድ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከእኚያ እጆች እንዲህ ያለ ስፌት ወጥቶ ያየ ሰው የለም።

ወይዘሮዋ ማየቷን አዩ። እጃቸው አንገታቸው ላይ ወደ ተንጠለጠለው መተርተሪያ ሄደ።

«ስሰፋው ዓይኔን ውኃ ጋረደብኝ» አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ። ከዚያም ቀስ ብለው ጠየቁ፦ «ይተርተር?»

ሙፊዳ ቦርሳውን ወደ ፊቱ መልሳ ትከሻዋ ላይ አነገተችው።

«አይተርተር፣ እትዬ።»