ዓሣዎቹን ያስጾምንበት ሁዳዴ

እኛ አገር አረንጓዴ ነገር ማብቀል እንጂ ማጥፋት አልለመድንም። እንጅባራን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ አጥሩ ይበቅላል፣ የቆርቆሮው ጫፍ ይበቅላል፣ በረንዳ ላይ የተረሳ ጫማ ሳይቀር ይበቅላል። በዚህ የተበሳጨ ሰው አላየሁም። እኔ ግን ከአረንጓዴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። ያውም ሳሎኔ ውስጥ። ያውም ጨው ውሃ ውስጥ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። ልጃችን ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሩቅ ሄደች። ያለችን እሷው ብቻ ናት። ባለቤቴ ይታይሽ ልጇን ከሸኘች በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። አልታመመችም፣ አላለቀሰችም። ዝም ብላ ለሦስት ሰው ትሠራለች፣ ሁለታችን እንበላለን፣ የተረፈውን አየት አድርጋ ትከድነዋለች። መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቄ ስመለስ የሚቀበለኝ ጸጥታ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትናገር እያቋረጥኳት የኖርኩ ሰውዬ፣ የማቋርጠው ወሬ ናፈቀኝ።

ወንድሟ ቢያድግልኝ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኅቱን ለማስደሰት ሲነሳ ልክ አያውቅም። አንድ ቀን ከመኪናው ላይ ትልቅ የመስታወት ሣጥን፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ መብራት፣ አንድ ከረጢት የባሕር ጨውና አንድ በርሜል አወረደ። በርሜሉ ውስጥ የባሕር ዓሣዎች ነበሩ። ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ በርካሽ ሰጠኝ አለ። ዓሣዎቹ ብርቱካን መልክ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ ናቸው። ከእነሱ ጋር ኮራል የሚባል ነገር አለ፤ ድንጋይ ይመስላል፣ ግን ነፍስ አለው፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ይወዛወዛል።

ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። ዘንገናን የሚያህል ሐይቅ በደጃችን እያለ የጅቡቲ ባሕር ምን አስፈለገ ያለም አልጠፋ። አማቴ ከገጠር ለገበያ ሲመጡ ጨው በባልዲ ስንበጠብጥ ደረሱ። እሳቸው ጨው ለከብት እንደሚሰጥ ነው የሚያውቁት። ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ እነዚህስ ሲሰቡ የሚገዛችሁ ማነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላሰብኩበትም ነበር።

የይታይሽ ድምፅ ግን ተመለሰ። ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ዓሣዎቹን ሆነ። የምታወራቸው በአገውኛ ነው፤ ከሜሮን ጋር ብቻ ሲሆኑ በሚያወሩበት ቋንቋ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፣ አገውኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ስለዚህ ምን እንደምትላቸው አላውቅም። ብቻ ትስቃለች። ስለ እኔ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ካለ ምን ቸገረኝ?

ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ታየ። መጀመሪያ እንደ አቧራ፣ ቀጥሎ እንደ ፀጉር። ቢያድግልኝ ጋ ስደውል፣ እሱ አልጌ ነው፣ ኮራሉን ከሸፈነው አፍኖ ይገድለዋል፣ ዓሣዎቹም ጤና አያገኙም አለኝ። ከዚያ ኔትወርክ ተቋረጠ። የእኛ ኔትወርክ መጥፎውን ዜና አስጨርሶ፣ መፍትሔው ጋ ሲደርስ ነው የሚቋረጠው።

በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። በሳምንቱ ተመለሰ። ውሃውን ቀየርኩ፣ ጨው በጠበጥኩ፣ ጀርባዬን አመመኝ። ተመለሰ። ብርሃን ነው የሚያበቅለው ሲሉኝ መብራቱን አጥፍቼ ሣጥኑን በጋቢ ሸፈንኩት። ጋቢውን ስናነሳው ትንሽ ገርጥቶ ነበር፤ መብራቱን ሲያይ ከበፊቱ ብሶ መጣ። ይታይሽ በአረንጓዴው መሐል ዓሣዎቹን ለማየት ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች። ስታጣቸው ትተዋቸዋለች፣ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ዝም ትላለች። ያኔ ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ዓሣው አልነበረም። እነዚያ ዓሣዎች ከሞቱ ያ ዝምታ ተመልሶ ይገባል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያስወጣው ነገር ከየት አመጣለሁ?

ቢያድግልኝ በሌላ ቀን ሲደውል የሚበሉትን መጥኑ አለ። ምግብ ሲተርፍ አልጌው ይቀለብበታል። ይታይሽን ጠየቅኋት። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጣት ቆንጥሬ ነው የምሰጣቸው አለች። ባለ ሙያ ተናገረች ብዬ ምግቡን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰረዝኩት። ጨዉ ይሆን? ብርዱ ይሆን? ቀንድ አውጣ አልጌ ይበላል ሲሉኝ ቢያድግልኝን ከባሕር ቀንድ አውጣ አስመጣሁ። ቀንድ አውጣው ቤታችንን ወዶት ነው መሰለኝ አንድ ጥግ ይዞ ተኛ።

በዚህ መሐል ሁዳዴ ገባ። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ማርያም ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ እኛ ጋ አረፍ ይላሉ። በጾሙ የመጀመሪያ ቀን የዓሣዎቹን ምግብ ቆርቆሮ አንስተው መነጽራቸውን አደረጉ። ቆርቆሮው ላይ ጢም ያለው የባሕር እንስሳ ሥዕል አለ። እማሆይ ሥዕሉን አዩ፣ እኛን አዩ።

“ይኼ ፍስክ ነው” አሉ። “እኔ በዚህ እጄ ስነካው ከርሜያለሁ?”

ይታይሽ እማሆይ ዓሣዎቹን ይመግቡ እንደነበረ አታውቅም። እማሆይ ደግሞ ምን ይደንቃል አሉ፤ በገባሁ ቁጥር አፋቸውን ከፍተው ይመጣሉ፣ ከፍቶ የመጣን አፍ ዝም ብዬ ልለፍ እንዴ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሰጠው አሉ። ደግሞስ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ፣ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅም ይሰጣቸዋል፣ ያችም ወተት የምታመጣው፣ እነዚያም ሊጠይቋችሁ የሚመጡት። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ አሉ። ለነገሩ እኔ ራሴም ከሱቅ ስገባ ጠብ አደርግላቸዋለሁ፤ እሱም አንድ ጊዜ ነው።

እኛ አገር እንግዲህ እንዲህ ነው። ሰው ቤት የገባ ሳይቀምስ አይወጣም፣ የገባው ደግሞ የቤቱን ነፍስ ሳያጎርስ አይወጣም። የባሕር ዓሣ ይህን ባህል በምን ያውቃል? እሱ አፉን የሚከፍተው ለመተንፈስም ነው።

እማሆይ ሥርዓት አወጡ። ዓሣው ኃጢአት የለበትም፣ ይብላ፤ የጿሚ እጅ ግን ፍስክ አይንካ። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ይታይሽ ብቻ፣ ቆንጠር አድርጋ ሰጥታ፣ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ቆርቆሮው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። የቆጣሪው ልጅ እንኳ ጿሚ ነኝ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሁዳዴው እየገፋ ሲሄድ አረንጓዴው ሳሳ። ፀጉሩ ረገፈ፣ መስታወቱ ጠራ፣ ኮራሉ ጣቶቹን ዘረጋ። እማሆይ፣ ጾም ዓሣን ካጸዳ ሰውንማ እንዴት ያደርገው ይሆን ብለው ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ። ቢያድግልኝ በስልክ፣ ምግቡ ስለቀነሰ ነው አለ። እኔ ከሁለቱም ጋር ተስማማሁ፤ የነካካሁት ነገር ሁሉ ከሽፎ ያልነካሁት ሲሳካ ሌላ ምን እላለሁ?

ደስ ብሎኝ ይታይሽን ስፈልጋት ግን ከሣጥኑ ፊት የለችም። በጓሮ በር ነው የምትገባው። በሳሎን ካለፈች ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ መስታወቱ ይመጣሉ፤ ሰዓቱ ካልደረሰ መስጠት አትችልም፣ ስለዚህ ፊታቸውን ማየት አልፈለገችም። ውሃው እንደ ጠበል ጠርቷል፣ ዓሣዎቹ ፍንትው ብለው ይታያሉ፣ የሚያያቸው ግን እኔ ብቻ ነኝ። አገውኛውም ጠፋ።

ፋሲካ ደረሰ። ሜሮን ፈተና ስላለባት አልመጣችም። ጠዋት ዶሮው ቀረበ፣ ይታይሽ እኔን አጎረሰች፣ እማሆይን በአይብ አጎረሰች። ከዚያ ሦስተኛውን ጉርሻ ጠቅልላ እጇ ላይ ይዛ ቀረች። የሜሮን ነበር። መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው፣ ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ ቆርቆሮውን አወረደች።

የአልጌው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ምግብ ሲተርፍ ምን እንደሚከተል አሁን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ቃል በቃል ላስረዳት እችል ነበር። ይታይሽ ዘወር ብላ አየችኝ።

“ዛሬ እንኳ ጹሙ ልበላቸው?”

ሰጠቻቸው። ቀና ብለው መጡ፣ እሷም በአገውኛ አንድ ነገር አለቻቸውና ሳቀች። እማሆይም ጾሙ ተፈቷል ብለው እጃቸውን ወደ ቆርቆሮው ሰደዱ። በር ተንኳኳ፤ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የመጣው የቆጣሪው ልጅ ነው፣ እሱም ተራውን ያዘ።

እኔ ምን አደረግሁ? ሳይንሴን ከዶሮው ጋር ዋጥኩት። ከፊታችን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሐምሳ ቀን አለ፤ አልጌውም አብሮን ይፈስካል።