አቃቂር አውጪው በእንደራሴው ቤት

እግዜር አገር ሲፈጥር ለእያንዳንዱ መንደር አንድ አቃቂር አውጪ መድቧል። ሐኪም የሌለው መንደር አለ፤ እኛም ሐኪማችን ጥሎን ከሄደ ሰንብቷል። አቃቂር አውጪ የሌለው መንደር ግን አላየሁም። ሰርግ ላይ ኬኩን፣ ለቅሶ ላይ የሬሳ ሣጥኑን፣ ክርስትና ላይ ሕፃኑን ራሱን ሲያማ ታገኙታላችሁ። ከሃሊፋክስ ራቅ ብላ ባለች የባሕር ጠረፍ መንደር ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ክቡር አቶ ኦርቪል ኮርከም ናቸው።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን ሎብስተር የሚባለውን፣ ሲቀቀል የሚቀላውን የባሕር ፍጥረት ሲያጠምዱ ኖረው ጀልባቸውን ከሸጡ ወዲህ መደበኛ ሥራቸው ሐሜት ሆኗል። ሰው ግን አያሙም፤ ሐሜታቸው ዕቃ ላይ ነው። አዲሱን ድልድይ «ጥርሱ የወላለቀ ማበጠሪያ» ብለውታል። የቄሳችንን ስብከት «ጨው የተረሳበት ሾርባ» ብለውታል፤ ያውም ቄሱ በር ላይ ቆመው ሲያሰናብቱን። የእኔን አዲስ ጣሪያ ሊያዩ መንገዱን ተሻግረው መጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሽቅብ ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ «ለዚህ ነው ከቤቴ የወጣሁት?» ብለው ተመለሱ። ይቺ አባባል ማኅተማቸው ናት። ገነት በር ላይ ቅዱስ ጴጥሮስን ሲያገኙትም የሚሉት ይህንኑ ይመስለኛል።

ባለፈው ሐምሌ ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ሃሊፋክስ የአንድ ቀን ጉብኝት አዘጋጀች። ጠዋት የንጉሡ እንደራሴ የሆኑት አገረ ገዥ የሚኖሩበትን ጥንታዊ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትልቁን የሕዝብ አትክልት ስፍራ ልናይ ነው። ቀድመው የተመዘገቡት አቶ ኦርቪል ናቸው ሲሉኝ ጆሮዬን አላመንኩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሪየል ያንን የአበባ ቦታ እንዲያሳዩአቸው ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ሲለምኗቸው ኖረዋል። መልሱ ሁልጊዜ «ሣር ያው ሣር ነው» ነበር።

«ዛሬ ምን ተገኘ አቶ ኦርቪል?» አልኳቸው አውቶቡሱ ሲነሳ።

«ከዚህች ሴትዮ ጭቅጭቅ ልገላገል ብዬ ነዋ።»

ወይዘሮ ሙሪየል ከጥቁር መነጽራቸው ሥር ፈገግ አሉ። ዓይናቸው እንደደከመ እናውቃለን። ምን ያህል እንደደከመ ግን አላወቅንም፤ እሳቸውም የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

ቀኑ ከጠዋቱ አኩርፎ ነበር። ከባሕሩ የተነሳው ጉም መንገዱን ውጦት ሃሊፋክስ መድረሳችንን ያወቅነው በመኪና ጥሩምባ ነው። የእንደራሴው ቤት በር ላይ ስንወርድ ከመንገዱ ማዶ የቆየው የመቃብር ቦታ በጉሙ ውስጥ ጥርሱን አግጦ ይታያል።

«አየሽ ሙሪየል» አሉ አቶ ኦርቪል፣ «ቤታቸውን የሠሩት ከመቃብር ፊት ለፊት ነው። ለመሄጃቸው እንዲቀርባቸው ይሆናል።»

አስጎብኚው የቢራቢሮ ከራባት ያሰረ፣ ትሑት፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ምንጣፉን እያሳየ «ውብ ነው» አለ። አቶ ኦርቪል «ሆዱ የተዘረገፈ የኮድ ዓሣ ደም ነው፤ ያውም ያደረ» አሉ። አስጎብኚው የቀድሞ ንጉሥ ሥዕል አሳይቶ «ግርማ ሞገሱን ተመልከቱ» አለ። አቶ ኦርቪል «ክፉ ወሬ የሰማ ሃሊበት ዓሣ ይመስላል። አገጭ የለው፤ ዓይኖቹ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን» አሉ። የእራት ግብዣው ጠረጴዛ ጋ ስንደርስማ «በዚህ ላይ ጨው ለማቀበል ጀልባ ያስፈልጋል» ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ሙሪየል የባላቸውን ክንድ ይዘው በእያንዳንዷ ይስቃሉ። አስጎብኚው አንገቱ ድረስ ቀላ። እኔ ደግሞ የዚህ ቡድን አባል መሆኔን ለመካድ መጋረጃ መጋረጃውን አያለሁ።

የጭፈራው አዳራሽ ስንገባ ትዕግሥቴ አለቀ። ጠጋ ብዬ «አቶ ኦርቪል፣ እባክዎ ሰውየው ይናገርበት። እኛም አፈርን፣ እሱም ተሳቀቀ» አልኳቸው።

እንደሚሰድቡኝ ጠብቄ ነበር። ሽማግሌው አንዴ አዩኝና ዝም አሉ። አስጎብኚው ነፍሱ መለስ አለችለት። «ይህ አዳራሽ እጅግ ውብ ነው፤ መብራቶቹም እጅግ ያማሩ ናቸው» እያለ ቀጠለ።

ጥቂት እንደሄድን ወይዘሮ ሙሪየል ድንገት ቆሙ። ነጻ እጃቸው አየሩን ይዳብሳል።

«ኦርቪል? የት ገባን? ጨለማ ክፍል ነው እንዴ?»

አዳራሹ እንኳን ጨለማ ሊሆን፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት ዓይን ይወጋ ነበር። አቶ ኦርቪል ወደ እኔ ሳያዩ «አለሁ፣ አለሁ» አሉ። «አዳራሽ ነው። ከላይ መብራት ሰቅለዋል። በየካቲት ከባሕር ጎትተሽ ያወጣሽው መረብ፣ በረዶ እንዳንጠባጠበ ጣሪያ ላይ ቢሰቀል፣ እሱን ነው የሚመስለው። ይህን የሚወለውል ሰው ያሳዝነኛል።»

«አሃ!» አሉ ወይዘሮ ሙሪየል ሽቅብ ቀና ብለው። «አየሁት።»

ቆይተው ክንዴን ፈልገው ያዙና በሹክሹክታ «ዳሬል፣ አትቆጣው» አሉኝ። «ያ ደግ ሰው ‹ውብ፣ ውብ› ይለኛል። በ‹ውብ› ምን አያለሁ? ኦርቪል የዓሣ ደም ሲለኝ ግን ምንጣፉ ፊቴ ድቅን ይላል። የዓይን ሐኪሙ እስከ መኸር ድረስ ነው ያለኝ፤ ከዚያ በኋላ ቀለምም አይኖርም። አበባውን ሳይመሽብኝ አሳየኝ ብዬው ነው የመጣነው።»

የምገባበት ጠፋኝ።

ወደ አትክልት ስፍራው ስንሄድ ጉሙ መግፈፍ ጀመረ። በብረት በሩ ስንገባ አንድም ብጣሽ አልቀረም። ፀሐይ ወጥታ ጠዋት የረጠበውን ቅጠል ሁሉ ታበራዋለች። ዳሊያው፣ ጽጌረዳው፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ ተንዠርግጎ ይታያል፤ ኩሬው ላይ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ፣ ከማዶው ሙዚቃ የሚጫወቱበት ዳስ ቆሟል። ሰው ጃኬቱን እያወለቀ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። አቶ ኦርቪል ሚስታቸውን በቀጥታ ወደ ዳሊያው መደብ ወሰዷቸውና አፋቸውን ከፈቱ፤ ለሐሜት መሆኑ ነው።

ወይዘሮ ሙሪየል ቀደሟቸው።

«ኦርቪል፣ ሁሉም ነጭ ሆነብኝ። ጠዋት ቢያንስ ቀይ ቀዩን እለይ ነበር። ጉሙ አልገፈፈም እንዴ?»

አቶ ኦርቪል አበባውን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። ዕድሜ ልኩን ለንጉሥም ለቄስም አሳምሮ መናገር አሻፈረኝ ያለው አፋቸው ጥቂት ተንቀጠቀጠ።

«የባሰ ሆነ እንጂ የት ይገፈፋል» አሉ። «ይሄ ጉም ነው? የረጠበ ብርድ ልብስ በይው! እጄን ዘርግቼ ጣቴን አላየውም። ለዚህ ነው ከቤቴ የወጣሁት?» መጨረሻዋ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ በሳል ሸፈኑት።

«ዳሬልስ? አንተም አይታይህም?»

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። «ኧረ ምንም አይታየኝ ወይዘሮ ሙሪየል» አልኩ። «ቤታችን ብንቀመጥ ይሻለን ነበር።»

አጠገባችን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቀና ብሎ «እንዴት ያለ ብሩህ ቀን...» ሲል አቶ ኦርቪል አንድ ጊዜ አፈጠጡበት። ካሜራውን ይዞ ሄደ። ወይዘሮ ሙሪየል መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑና እንደዚያው ቆዩ፤ ፀሐይዋ ጉንጫቸው ላይ አርፋለች።

«ኦርቪል» አሉ ቀስ ብለው፣ «የዛሬው ጉም ይሞቃል።»

አቶ ኦርቪል መሬት መሬት አዩ። ወይዘሮ ሙሪየል የባላቸውን እጅ ፈልገው አገኙና ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሽማግሌው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«የሃሊፋክስ ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «ጉም እንኳ በወጉ መሥራት አይችልም።»

ወይዘሮ ሙሪየል ሳቁ። ሲስቁ ዕንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ዳሊያዎቹ ፊት ለፊት ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የዕንቁላል ሳንድዊቻችንን በላን።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ደክሞት ያንቀላፋል። እኔ ግን ቦታዬን ትቼ ከሁለቱ ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። አቶ ኦርቪል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በጉሙ መሃል ሹልክ እያለ የታየኝን ልንገርሽ» ይላሉ። «ዳሊያው የፋሲካ ባርኔጣ ደፍተው ወንበር የሚሻሙ ወፍራም ሴቶች ነው የሚመስለው። ቀዩ ደግሞ ኩራቱ! የተቀቀለ ሎብስተር እንጂ ሌላ ምን ነው? ጽጌረዳው ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲያዛጋ የዋለ አፍ ነው። ያ ሙዚቃ የሚጫወቱበት ዳስም ዝናብ የመታው የልደት ኬክ ነው...»

«ቀለሙስ?»

«ክሬምና ቀይ። ሌላ ቀለም የጠፋ ይመስል።»

ወይዘሮ ሙሪየል ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። አንድ በአንድ ልባቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። የሽማግሌው ድምፅ ግን እየሻከረ፣ እየደከመ መጣ፤ ቆም አሉ።

«አቶ ኦርቪል» አልኩ ከኋላ፣ «ዳክዬዎቹን ዘለሏቸው።»

ዞር ብለው በቀላ ዓይናቸው አዩኝ። «ደክሞኛል። አንተ ንገራት።»

«እውነት፣ ዳክዬዎቹ ምን ሆኑ?» አሉ ወይዘሮ ሙሪየል ጆሯቸውን ወደ እኔ መልሰው።

ከተወለድኩ ጀምሮ አምቼ አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ ጀመርኩ።