እስቲ ጀርባውን

ሰው ጌጥ የሚገዛው ለራሱ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የሚገዛው፣ ከተገዛ በኋላ ለሚመረምረው ዘመድ ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። "እኛ ጋ የለም" የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የኛ ቤት መርማሪ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። በሌሉበት "ክብርት ዳኛ" እንላቸዋለን፤ ባሉበት ግን "እትዬ" ነው፣ ያውም ዝቅ ብለን። ችሎታቸው ቱርኩዊዝ ላይ ነው፤ ሰማያዊ ልሁን አረንጓዴ ልሁን እያለ ያልቆረጠለት ያ ድንጋይ። በወጣትነታቸው ጌጣጌጥ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቻቸው ዘመዶቻቸው ሆኑ እንጂ ሥራውን አላቆሙም።

ቀለበትም ይሁን ሐብል ስታሳዩአቸው ፊቱን አያዩም። "እስቲ ጀርባውን" ይላሉ። ከቦርሳቸው ማጉሊያ መነጽር፣ ጥጥና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይወጣል፤ ጥፍራቸውን ግን ተቀብተው አያውቁም። ድንጋዩን መጀመሪያ ከንፈራቸው ላይ ያሳርፉታል፤ እውነተኛ ከሆነ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ጥጡ ይመጣል። የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ሄዳ ያመጣችውን ሐብል አንዴ ጠረግ ቢያደርጉት ጥጡ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጅቷ ዕንባዋ መጣ። ክብርት ዳኛ ጥጡን ወደ መብራት አስጠግተው "ቀለሙስ ጥሩ ቀለም ነው" አሉ። ማጽናናታቸው ነበር።

ባለሱቆች ከሩቅ ያውቋቸዋል። አንድ አዲስ ሻጭ ብቻ አላወቃቸውም።

"እናቴ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ቱርኩዊዝ ነው!"

"ልጄ፣ ዱቄቱን በሙጫ ጋግራችሁ ንጹሕ ትለኛለህ?"

"በምን አወቁ?" አለና ራሱን አጋለጠ።

ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያመጣሁት ቀን፣ ሰላምታውን ተቀብለው ሲያበቁ "እስቲ ጀርባውን" አሉ። የቀለዱ መስሎን ሳቅን። አልቀለዱም። ምስኪኑ ዞረ፤ ኮቱ ከኋላ ጭምድድ ብሏል። "ለሰው ፊት ብቻ የሚተኩስ አይደለም፤ ከፊትም አልተኮሰውም። ይሄ ልጅ ውሸት የለበትም" ብለው አጸደቁት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመታችን፣ ዛሬም አይተኩስም።

ታሪኩንም ያውቁታል፤ ባያውቁት በተሻለን። ድሮ ነገሥታት ከቱርኩዊዛቸው ጋር ይቀበሩ እንደነበር፣ ፈረሰኛ ከፈረስ እንዳይወድቅ ብሎ ያስረው እንደነበር፣ ክፉ ሲመጣ ድንጋዩ በባለቤቱ ፈንታ ይሰነጠቃል ይባል እንደነበር፣ በየግብዣው እንሰማለን። ፈረሰኛው ጋ ሲደርሱ ግማሹ ቤተሰብ ውሃ ይጠማዋል። እኔም ተነስቼ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን በልቤ ቀርቷል፤ "ይሄ ድንጋይ የሰው ገላ ይጠጣል። የለበስሽው ዓመት ሁሉ ቀለሙ ላይ ይቀራል" ይሉ ነበር።

የሌላውን ሁሉ ጌጥ የሚመረምሩት ሴትዮ ራሳቸው ያላቸው አንዲት የቱርኩዊዝ ፍሬ ብቻ ናት፤ በክር አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠል። ከአያቴ የወረሱት የጆሮ ጌጥ ነበር፣ ጥንድ። "አንዱ ጠፋብኝ" ይላሉ። ያለቀ ኮት ቁልፍ ሳይቀር በብልቃጥ የሚያስቀምጡ ሰው እንዴት እንደጠፋባቸው ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ባለፈው ወር ልጄ ለሠርጓ የአያቷን ቀለበት ላድርግ አለች። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ከጣቷ ያልወለቀ፣ አባቴ በተጋቡ ዓመት የገዛላት የቱርኩዊዝ ቀለበት ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ለብቻዬ ጠርቶ በሩን ዘጋ።

"ድንጋዩ ውሸት ነው" አለኝ። "ቀለም የተነከረ ነገር ነው። ሻጩም አልደበቀኝም። ለእውነተኛው አቅም አልነበረኝም። እናትሽ ስታየው በደስታ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልናገር?"

"እትዬስ?"

"እሳቸውማ ያዩት ዕለት ያውቃሉ። ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ እያልኩ አርባ ስምንት ዓመት ኖርኩ። ግብዣ ላይ ከሳቸው ርቄ የምቀመጠው ለምን ይመስልሻል?"

እኔ ፈረሰኛውን ሽሽት ይመስለኝ ነበር።

ለሁለተኛ ሙሽራ ውሸት አላወርስም፣ ሳይታወቅ በእውነተኛ ድንጋይ ይቀየር አለ። ቀለበቱን ይዘን አንድ ብር አንጥረኛ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ድንጋዩን ነክሰው የያዙትን የብር ጥርሶች ቀስ አድርጎ ከፈተ፣ ድንጋዩን አወጣ፣ ገለበጠው።

"ይሄን ነው የምትቀይሩት? እንዲህ ያለ አሮጌ ቱርኩዊዝ አሁን ከየት ይገኛል?"

"ተሳስተሃል፤ እኔ ነኝ የገዛሁት" አለ አባቴ።

"ቀለበቱን ይሆናል። ድንጋዩ ግን በኋላ የገባ ነው፤ ጥርሶቹ ከዚህ በፊትም ተከፍተዋል። ይኸው ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው። የጆሮ ጌጥ ነበር።"

አባቴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እኔ በክር የተንጠለጠለችው ፍሬ ትዝ አለችኝና አፌን ያዝኩ።

በቀጥታ እትዬ ቤት ሄድን። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቀለበቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩና "እትዬ፣ መቼ ነው የቀየሩት?" አልኳቸው።

ቀለበቱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት።

"ባመጣላት ሳምንት። 'እትዬ፣ እውነተኛ ነው አይደል?' አለችኝ። አንቺ አታውቂም እንዴት አድርጋ እንደጠየቀችኝ። አይደለም እንዳልላት ፊቷ አላስችል አለኝ። ነው እንዳልላት ደግሞ፣ ድንጋይ ላይ ዋሽቼ አላውቅም። 'ለሁለት ቀን ተዪልኝ፣ ደህና አድርጌ ልየው' አልኳት። ሲመለስላት እውነተኛ ነው አልኳት። ነበር።"

አባቴ አርባ ስምንት ዓመት የሸሻቸውን ሴትዮ ትከሻቸውን ሳመ። "ለምን አልነገሩኝም? ፈርቼ ኖርኩ እኮ።"

"ልንገርህ ስመጣ ትነሳለህ። ውሃ የሚጠማህ ይመስለኝ ነበር" አሉት።

ስንት ጊዜ ከዚያ ጠረጴዛ እንደተነሳሁ አሰብኩና አፈርኩ። ያን የሚያህል ነገር በልባቸው ይዘው፣ ለማንም ሳይናገሩ አብረውን ተቀምጠዋል፣ እኛ ደግሞ በስማቸው ስንቀልድ። እወዳቸዋለሁ። ይህን በጽሑፍ ከምለው ፊት ለፊት ብላቸው ይሻል ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አላልኳቸውም።

እሳቸው ክሩን ከአንገታቸው አወለቁና ፍሬዋን መዳፌ ላይ አኖሯት።

"ለሙሽራዋ ስጪያት። ጥንዱ ብዙ ጊዜ ተለያየ።"

ዕንባዬን ጠረግሁና፣ ሳላስበው ፍሬዋን ገልብጬ ጀርባዋን አየሁ።

"ጎሽ" አሉኝ።